«የፈረንጅ በረዶ ምን ያደርግልናል?» ለተባለው፦ ለቤተ መጻሕፍታችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቤተ መጻሕፍቱ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኮምፒውተር ክፍሉን አዲስ የአጠቃቀም መመሪያ ይመለከታል

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፣

እኛ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን አካባቢ እየመጣን በኮምፒውተር ክፍላችሁ ለአማርኛ ውክፔዲያ በፈቃደኝነት የምንጽፍ ሰዎች ነን። በክፍሉ በር ላይ የተለጠፈው አዲስ መመሪያ አራት ነገሮችን ይደነግጋል። አንድ ተጠቃሚ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጥም። በግል የተጠቃሚ ስም ወደ የትኛውም ድረ ገጽ መግባት አይቻልም። ከክፍሉ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ ጽሑፍ አስቀድሞ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ታይቶ ማኅተም ይደረግበታል። ክፍሉም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በጽሑፍ ያልሰፈረ አምስተኛም አለ፤ «ስለ ፈረንጅ አገር በረዶ መጻፍ ትታችሁ ስለ አገራችሁ ጻፉ» ተብለናል።

ቃሉ የተነገረው ስለ አንድ ጽሑፍ ስለሆነ ደብዳቤያችንም በዚያው ላይ ያተኩራል። ጽሑፉ ታኅሣሥ 26 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2018) የአሜሪካን ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ስለመታው የበረዶ አውሎ ነፋስ ነው። ከአንድ ቀን በፊት በረዶ ብርቅ በሆነባት በፍሎሪዳ ዋና ከተማ በታላሃሲ ሳይቀር ጥቂት በረዶ ጥሎ ነበር፤ በሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን 13 ሴንቲ ሜትር ተለክቷል። ከዚያ ወደ ሰሜን እየወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ የመሐሉ የአየር ግፊት ከ50 ሄክቶፓስካል በላይ ወርዶ 950 ገደማ ደረሰ፤ በቦስተን ወደብም ባሕሩ በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) በታላቁ የበረዶ ማዕበል የተመዘገበውን ክብረ ወሰን በጥቂቱ አለፈ።

ከሁሉ የከበደን የማኅተሙ ነገር ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን። ለቅድመ ምርመራ ያስገባነው ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ተመለሰልን። እርማቶቹን የምንጠቅሰው ያረመውን ባለሙያ ለማሳጣት አይደለም፤ ሰውየው ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ሥራው የእሱ አለመሆኑ ነው።

«ታኅሣሥ 26 ቀን 2010 ዓ.ም.» ያልነው «ታኅሣሥ 26 ቀን 2018» ተብሏል። ቀኑ የኛ፣ ዓመቱ የፈረንጅ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ሲያይ ነገሩ በ2018 ዓ.ም. የገና ሰሞን የደረሰ ይመስለዋል፤ ስምንት ዓመት ስተናል። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ቀን ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» እያልን የምንጽፈው። ለማራዘም የተደረገ አይደለም። ቅየራውም ዓመቱን በስምንት መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት እስከ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ይንሸራተታል። ጃንዋሪ 23 ቀን 2018 ጥር 15 ሲሆን፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2016 ግን ጥር 14 ነው።

የሰዓቱም እርማት እንደዚሁ ነው። የማዕበል መረጃ የሚወጣው በዓለም አቀፉ ሰዓት በዩቲሲ ነው፤ በዚያ ላይ ሦስት ስንጨምር የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዞራል። በክረምታቸው የቦስተን እኩለ ቀን በዩቲሲ 17 ሰዓት፣ በኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እኛ «በአካባቢው ሰዓት እኩለ ቀን ገደማ» ያልነው «ከቀኑ 12 ሰዓት» ተብሎ ታርሟል። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ የሚታየው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ርዕሱም ተለውጧል፤ «ግሬሰን አውሎ ነፋስ» ተብሏል። ይህን ስም ያወጣው የአሜሪካ መንግሥት የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት አይደለም። ዌዘር ቻናል የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ለበረዶ ማዕበሎች በራሱ ፈቃድ ስም ይሰጣል፤ ብሔራዊው የአየር ሁኔታ አገልግሎት ግን ስሞቹን አይጠቀምባቸውም። ሞቃታማ ባሕር ላይ የሚነሡት ሀሪኬኖች መደበኛ ስም ስላላቸው ሰው ሁሉንም እንደዚያ ያስባል። አውሮፓ ደግሞ ሌላ ነው፤ የብሪታንያና የአየርላንድ የአየር ሁኔታ ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ራሳቸው ስም ያወጣሉ፤ እዚያ ስሙ ርዕስ ይሆናል። ስለዚህ ስለ አሜሪካው ስንጽፍ ርዕሱ ወሩንና ዓመቱን ይይዛል፤ የቴሌቪዥኑ ስም ጽሑፉ ውስጥ ማን እንዳወጣው ተገልጾ አንድ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ይበቃል።

የአየር ግፊቱ ነገር ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። «በባሕር ወለል ደረጃ» የሚለው ሐረግ ትርፍ ነው ተብሎ ተሰርዟል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ግፊት መለኪያ ያለው ስልክ የያዘ ተማሪ እዚህ ክፍል ውስጥ ቢከፍተው 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያነብባል። ያ ሐረግ ከወጣ ተማሪው የሚደመድመው የኛ ከተማ ፀጥ ባለ ቀን ከዚያ ማዕበል የባሰ ዝቅተኛ ግፊት እንዳላት ነው፤ ጽሑፉን ውሸት ቢለው አይፈረድበትም። የማዕበል ካርታ ላይ ያለ የግፊት ቁጥር ሁሉ ጣቢያው የትም ይሁን የት ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ የወረደ ነው። ያ 950 ትርጉም የሚኖረውም በዚያ ደረጃ መደበኛው ግፊት 1013 መሆኑ ሲታወቅ ነው።

በዚያው አንቀጽ ውስጥ «ቦምብ ሳይክሎን» የሚለው «ማጋነን ነው፤ ፍርሃት ይፈጥራል» ተብሎ ተሰርዟል። ቃሉ የጋዜጠኛ ፈጠራ አይደለም። ሳንደርስና ጋያኩም የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት መለኪያ ተሰጥቶታል፦ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የማዕበሉ መሐል ግፊት በ24 ሰዓት ቢያንስ በ24 ሄክቶፓስካል ሲወርድ ነው። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር መስፈርቱ ይቀንሳል፤ በ40 ዲግሪ፣ ማለትም ኒውዮርክ አካባቢ፣ ወደ 18 ይወርዳል። የ2010 ዓ.ም. ማዕበል ይህን ሁለት እጥፍ አልፎታል። ምክንያቱም በጽሑፉ ሰፍሯል፦ ከካናዳ የሚወርደው ደረቅ ቀዝቃዛ አየር ዳርቻውን ይዞ ከሚፈስሰው ሞቃት የገልፍ ስትሪም ውኃ በላይ ካለው እርጥብ አየር ጋር ይገናኛል፤ ከላይ ያለው ፈጣን ነፋስ አየሩን ከማዕበሉ መሐል ከታች ከሚገባው በበለጠ ፍጥነት ወደ ውጭ ሲያወጣው ግፊቱ ይወድቃል። ነፋሱ በዝቅተኛው ግፊት ዙሪያ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ስለሚሽከረከር ዳርቻውን የሚመታው ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ የአገሩ ሰዎች «ኖርኢስተር» የሚሉት ለዚህ ነው።

የባሕሩ ከፍታ እርማት ደግሞ ከማሳሳትም አልፏል። እኛ «በቦስተን መለኪያ ላይ 4.62 ሜትር ተመዘገበ» አልን፤ «ባሕሩ በ4.62 ሜትር ከፍ አለ» ተደረገ። ይህ ቁጥር የሚቆጠረው ከየዕለቱ ዝቅተኛ የባሕር ጉድለት አማካይ ተነሥቶ ነው። በቦስተን ወደብ በማንኛውም ተራ ቀን ባሕሩ በሞላና በጎደለ መካከል ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ ሆና ለምድር በጣም ቀርባ ስለነበር ሙላቱ ያለ ማዕበልም ከፍ ይል ነበር። ማዕበሉ ራሱ የጨመረው ከጠቅላላው ትንሹን ክፍል ነው፤ ጥፋቱ የበዛው ጭማሪው ከሙላቱ ሰዓት ጋር በመግጠሙ ነው። በታረመው መሠረት ብናወጣው ኖሮ ባሕር አይቶ የማያውቅ አንባቢ አራት ሜትር ተኩል የሚያህል የውኃ ግድግዳ ከተማዋ ላይ የወደቀ ይመስለው ነበር።

ማኅተም የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ለምን እንደማይሠራ ከሁሉ የሚያሳየው ግን የሌላ ማዕበል ታሪክ ነው። ከጥር 13 እስከ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22–24፣ 2016) በኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ 26.8 ኢንች በረዶ ተለካ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተመዘገበው 26.9 ኢንች በአንድ አሥረኛ አንሶ ክብረ ወሰኑ ሳይሰበር ቀረ። ዜናው በዓለም ተሠራጨ። ከሦስት ወር በኋላ ብሔራዊው የአየር ሁኔታ አገልግሎት ራሱ ልኬቶቹን መርምሮ በለካው ሰውና በተቀበለው መሥሪያ ቤት መካከል የመረጃ ልውውጥ ስሕተት እንደነበረ አረጋገጠ፤ ቁጥሩ 27.5 ሆነ፤ ክብረ ወሰንም ሆነ። በዚያው ምርመራ የኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ 28.1 ኢንች ተቀባይነት የለውም ተብሎ ወደቀ። በዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ መለኪያ ሰሌዳው ራሱ በረዶው ውስጥ ጠፍቶ ልኬቱ አጨቃጭቋል። በረዶ የሚለካው ነጭ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ሊጠረግ የሚችለው ቢበዛ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን አራት ጊዜ ነው። በየሰዓቱ ከተጠረገ በረዶው በራሱ ክብደት ለመጠቅጠቅ ጊዜ ስለማያገኝ ድምሩ ያብጣል።

እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት ጽሑፍ 26.8 ይላል። እውነቱ በሚያዝያ 27.5 ሆነ። ለዚያች አንድ ቁጥር እንደገና ደብዳቤ ጽፈን፣ ተራ ይዘን፣ ማኅተም እንጠብቅ? የውክፔዲያ ገጽ እንደ ጋዜጣ ታትሞ አያልቅም። እያንዳንዱ ለውጥ በገጹ ታሪክ ውስጥ ከነሰዓቱና ከነአራሚው ስም ይቀመጣል፤ የተሳሳተው በአንድ ጠቅታ ይመለሳል፤ ጥርጣሬ ያለው ሰው በውይይት ገጹ ላይ ይጽፋል። ምርመራ ከፈለጋችሁ ምርመራው እዚያ በግልጽ አለ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም ባለሙያ መድቦ በዚያው ገጽ ላይ ቢከራከረን ደስ ይለናል።

የአንድ ሰዓቱ ገደብ ሁለተኛው ቅሬታችን ነው። ወረፋ እንዳለ እናውቃለን፤ ለሥራ ማመልከቻ የሚመጣ ሰው አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም። በቅድሚያ የአየር ሁኔታ አገልግሎቱን የማዕበል ማጠቃለያ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለ። ቀጥሎ የከተሞቹን ልኬት በሰንጠረዥ ማስፈር ነው፤ እዚህ ላይ በሠለጠነ ታዛቢ በአውሮፕላን ማረፊያ የተለካውን በፈቃደኛ ነዋሪ ጓሮ ከተለካው ለይቶ መጻፍ ግድ ነው፤ በመረጃ ሳጥኑ ውስጥ «ከፍተኛ» ተብሎ የሚገባው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ከዚያ መለኪያ መቀየር ይመጣል። ኢንች በ2.54 ይባዛል። ነፋስ ግን አንዳንዱ ምንጭ በማይል፣ አንዳንዱ በባሕረኛ ኖት ይሰጣል፤ 50 ማይል በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን 50 ኖት 93 ነው። ማጠጋጋት የሚደረገው አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ነው፦ 27.5 ኢንች 69.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አስቀድሞ 28 ብሎ ያጠጋጋ ሰው 71 ያገኛል። «ብሊዛርድ» የሚለውን ቃልም በየቦታው አንረጭም፤ በአሜሪካው መስፈርት ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ የማየት ርቀቱ ከ400 ሜትር በታች ሆኖ ቢያንስ ሦስት ሰዓት መቆየት አለበት። ያንን ያላሟላ ከተማ ምንም ያህል በረዶ ቢከመርበት ብሊዛርድ አልተባለም።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቁጥር ምንጩን፣ የተነበበበትን ቀንና ምንጩ ቢጠፋ የሚተካውን የተቀመጠ ቅጂ ማስገባት አለ። ሥዕል ከተፈለገ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያነሡት፣ የሳተላይት ምስልን ጨምሮ፣ የቅጂ መብት የለበትምና ይገባል፤ የዜና ወኪል ፎቶ ግን ምንም ቢያምር አይገባም። ከእንግሊዝኛው ገጽ የተተረጎመ አንቀጽ ካለም በማጠቃለያው ሳጥን ውስጥ የምንጩን ገጽ መጥቀስ የውክፔዲያ የቅጂ ፈቃድ ግዴታ ነው። (በነገራችን ላይ ይህ ግዴታ እናንተንም ይመለከታል። ያለፈው ዓመት ሪፖርታችሁ «የዲጂታል ይዘት ምርት» በሚል ርዕስ ጽሑፎቻችንን እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ቆጥሯቸዋል። መጠቀም ትችላላችሁ፤ ጸሐፊዎቹን መጥቀስ ግን ይገባችኋል።)

በዚህ መሐል ሰዓቱ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋና ሲነሣ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ይህ ፕሮግራም ለቫይረስ መከላከያ መጫኑን አንቃወምም። ነገር ግን ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው፤ በዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠው ይጠፋል፤ በውክፔዲያ የግል የሙከራ ገጽ ላይ እንዳናስቀምጥ ደግሞ በተጠቃሚ ስም መግባት ተከለከለ። ሥራውን የምናኖርበት አንድም ቦታ አልቀረም። መብራት ሲጠፋም ያው ነው፤ በዚህ በከተማው ዳርቻ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ለእናንተ አንነግርም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) የተገጠመለት የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

በተጠቃሚ ስም የመግባት ክልከላው ምክንያት «ለኃላፊነት እንዲመች» ተብሏል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ስም ይዞ የገባ ሰው የጻፈው ሁሉ በስሙ ይመዘገባል፤ ያልገባ ሰው ግን ማንነቱ አይታወቅም፤ ኃላፊነቱም ከሁላችንም ጋር በጋራ አድራሻው ላይ ይወድቃል። ክፍሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በአንድ አይፒ አድራሻ ነው። አንድ ልጅ አንድ ገጽ ላይ ስድብ ቢጽፍ የውክፔዲያ አስተዳዳሪዎች ያንን አድራሻ ሊያግዱት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ በስማቸው የገቡ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፣ ያልገቡ ሁሉ ይታገዳሉ።

በቅርቡ የደረሰው እገዳ ግን በዚህ ምክንያት አልነበረም፤ «ቡድኑ ጥፋት ሠርቶ ታገደ» ተብሎ ስለተወራ ልናስተካክለው እንወዳለን። የቴክኒክ ክፍሉ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በነጻ ቪፒኤን (የኮምፒውተርን አድራሻ በሚሸፍን ማለፊያ) በኩል እንዲያልፉ አደረገ። ውክፔዲያ ማንነትን የሚሸፍኑ ክፍት ማለፊያዎችን ጥፋት ቢኖርም ባይኖርም ከማረም ያግዳል፤ ማንበብ ይቻላል፣ «አርም» ሲባል የእገዳ መልእክት ይመጣል። መፍትሔው የደቂቃዎች ሥራ ነው፦ የውክፔዲያንና የሥዕል ማከማቻውን የኮመንስን አድራሻ ከቪፒኤኑ ውጭ ማድረግ። አዲስ ሰዎችን ስናሠለጥንም ማወቅ የሚገባችሁ ነገር አለ፤ ከአንድ አድራሻ በ24 ሰዓት ሊከፈት የሚችለው ስድስት አዲስ የተጠቃሚ ስም ነው፤ ሰባተኛው «አልተቻለም» ሲባል ኮምፒውተሩ አልተበላሸም።

የግዕዝ ፊደል መጻፊያውም አብሮ ይታይልን። ያረጀው የፊደል ፕሮግራም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ በዩኒኮድ ስለማይጽፍ በወርድ ላይ ደህና የሚታየው ጽሑፍ ወደ ገጹ ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። አዲስ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም፤ ውክፔዲያ ውስጡ የአማርኛ መጻፊያ አለው። እንዲሠራ ግን በአሳሹ ላይ የተዘጋው ጃቫስክሪፕት (በገጹ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎችን የሚያሠራው) መከፈት አለበት።

ክፍሉ 11 ሰዓት ላይ መዘጋቱ አጭር ጉዳይ ነው። ውሎውን ሥራ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ከመሐል ከተማ ተነሥቶ በዚያ የታክሲ ሰልፍ ከ11 በፊት እዚህ አይደርስም። በተጨማሪም አንድ የአትላንቲክ ማዕበል በሂደት ላይ ሲሆን ቦስተን ላይ ጠዋት 1 ሰዓት የሚባለው እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ መሥሪያ ቤቶቻቸው የሚሠሩበት፣ ልኬቶች የሚወጡበት ጊዜ ሁሉ የሚውለው ከዚያ በኋላ ነው። ከመረጃው ጋር የምንገናኘው ሁለት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ «ፈረንጅ በረዶ» እንምጣ። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከተሞች ስንት ኢትዮጵያዊ እንደሚኖር ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከዚህ ሰፈር ልጅ ወይም እኅት እዚያ የሌላት ቤት ትገኛለች ብለን አናምንም። በ2008 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ፣ የቦሌው አውሮፕላን በሚያርፍበት በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ 74 ሴንቲ ሜትር በረዶ ተለክቷል። የዚህ ዓይነት ማዕበል ሰው የሚገድለው ደግሞ በብርድ ብቻ አይደለም። በረዶ በአካፋ ሲጠርግ ልቡ የሚቆምበት አለ። መኪናውን አስነሥቶ ማሞቂያ ከፍቶ የሚቀመጥ፣ የጭስ ማውጫው ግን በበረዶ የተደፈነ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሞት አለ። በዝግ ቤት የገባ ከሰል ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይረዳል፤ በቋንቋው ከተጻፈለት። በእኛ ጽሑፍ ውስጥ «ቀጥተኛ ያልሆኑ ሞቶች» በሚለው ንዑስ ርዕስ ሥር ተጽፎ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ «ሞት ሞት ነው» ተብሎ ከዋናው ቁጥር ጋር ተደምሮ ዝርዝሩ ወጣ። ባለሥልጣናት ሁለቱን ለይተው የሚመዘግቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመጋቢት 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 1993) ለደረሰውና «የክፍለ ዘመኑ ማዕበል» ለተባለው የሟቾች ቁጥር በአንዱ ምንጭ 270፣ በሌላው ከ300 በላይ የሆነው በከፊል ማን ምኑን እንደቆጠረ ስለሚለያይ ነው።

ስለ አገራችን መጻፉንም አልተውንም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ የመሬት ናዳ በደረሰ ጊዜ ሊያድኑ የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ የሟቾች ቁጥር በአሥሮች ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200 አለፈ። እንዲህ ያለውን ገጽ በየሰዓቱ ከሚለዋወጥ ቁጥር ጋር ሳይስቱ ማቆየት፣ «እስከዚህ ቀንና ሰዓት ድረስ፣ እንደዚህ ምንጭ» እያሉ መጻፍ የሚለመደው ምንጩ በተትረፈረፈበት ጉዳይ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ገጾች አሉት፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ። ከዚህ ላይ ርዕስ እየመረጥን የምንቀንስበት ሁኔታ አይታየንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። የማኅተሙ ድንጋጌ ከፈቃደኛ ጸሐፊዎች ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ በዚህ ላይ የምንደራደርበት መካከለኛ ነገር የለንም። በግል የተጠቃሚ ስም የመግባት ክልከላ ቢያንስ ለውክፔዲያና ለኮመንስ ይነሣ፤ ሁለቱም ከቪፒኤኑ ውጭ ይደረጉ፤ ጃቫስክሪፕትም ይከፈት። የአንድ ሰዓቱ ገደብ ለሌላው ቀን ይቆይ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከመስኮቱ በኩል ያሉት አራት ኮምፒውተሮች ለሦስት ተከታታይ ሰዓት ይለቀቁልን፤ ወረፋ በዛ ከተባለ በሁለት እንሠራለን። በሳምንት ሁለት ቀን ክፍሉ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይከፈት፤ ለጥበቃው ተራ ገብተን ክፍሉን ዘግተን ቁልፍ ለማስረከብ ፈቃደኞች ነን። ለእነዚሁ አራት ኮምፒውተሮች በሚቀጥለው በጀት ዩፒኤስ ይያዝ፤ ለገጽ ማስቀመጫ አሥር ደቂቃ የሚይዝ አነስተኛው ይበቃናል። «ቡድኑ በጥፋት ታገደ» የተባለውም በዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይታረም።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ክፍል የሚሠሩ የአማርኛ ውክፔዲያ ፈቃደኛ ጸሐፊዎችና አራሚዎች

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል
ለመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል
ለቤተ መጻሕፍቱ ተጠቃሚዎች በሙሉ